ከዛፉ ጥላ የማይወጣው ቢጫ እንጀራ

ሰኔ ሲገባ የሳምቡላ መንደር ወንዶች ባልዲዎቻቸውን በብስክሌት ጭነው ወደ ጫካ ይገባሉ። ጫካው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ከዛፍ ቅርፊት የተሠሩት ቀፎዎቻቸው እዚያ፣ ከፍ ካሉ ቅርንጫፎች ላይ ተጋድመው ይጠብቋቸዋል። ለሁለት ሳምንት ያህል እዚያው እያደሩ ማር ይቆርጣሉ። ሴት አብራ አትሄድም፤ ልጅም አይሄድም። ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ንዱምባም በዚያ ዓመት እንደ ወትሮው ከአጎቱ ከሳካቴንጎ ጋር ወጣ። ሳካቴንጎ የእናቱ ወንድም ናቸው። ቀፎ ከአጎት ወደ እኅት ልጅ ስለሚተላለፍ፣ የሽማግሌው ሠላሳ ሁለት ቀፎ አንድ ቀን የእሱ ይሆናል። ቅርፊት መላጥን፣ ጭስ መያዝን፣ ንብ ሲቆጣ ዝም ብሎ መቆምን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ሦስተኛው ሰው ጎረቤታቸው ሊኩምቢ ነበር። ሊኩምቢ ከሚሠራው የሚያወራው ይበልጣል፤ ነገር ግን ወሬው ድካም ስለሚያስረሳ ማንም ዝም በል አይለውም።

ሥራው ሰውነት ይጨርሳል። ንዱምባ የሚጨስ የሣር ችቦ በአንድ እጁ ይዞ ዛፍ ይወጣል፣ የቀፎውን ክዳን ይከፍታል፣ የማሩን እንጀራ እየቆረጠ በገመድ ያወርዳል። ሽማግሌው ከታች ሆነው ይቀበላሉ። መጀመሪያ የሚወጣው ማር የሞላው እንጀራ ነው፤ እሱ ወደ ባልዲ ይገባል። በወዲያኛው ጫፍ እጮቹ፣ የንቦቹ ልጆች፣ አሉ፤ እነሱን ሳካቴንጎ አያስነኩም። በሁለቱ መካከል ግን ሌላ እንጀራ አለ። ንቦቹ ከአበባ በእግራቸው ተሸክመው ያመጡት ዱቄት ጥቅጥቅ ብሎ የታጨቀበት ነው። መልኩ ቢጫ ነው፣ አንዳንዱም ወደ ብርቱካን ያደላል። ጣዕሙ መጀመሪያ ጎምዘዝ፣ ቆይቶ ጣፈጥ ይላል። የማር ገዢው ሰውዬ ይህ ነገር የገባበትን ባልዲ ቆሻሻ አለበት ብሎ ስለሚመልስ፣ ወንዶቹ ለብቻው ያወጡትና ዛፉ ሥር ቁጭ ብለው ይበሉታል።

“ብላ፣ ብላ” ይለዋል ሊኩምቢ ንዱምባን፤ ራሱ አፉ ሞልቶ። “ዛፍ የምትወጣው አንተ ነህ። እኔ እንኳ ለወሬዬ ጉልበት ያስፈልገኛል።”

ይህን የበላ ሰው ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ ከርሞ እንኳ ጉንጩ አይጎድልም። ሁሉም ይህን ያውቃል። ሕጉንም ሁሉም ያውቃል። ቢጫው ከዛፉ ጥላ አይወጣም። ሴት ወይም ልጅ ከቀመሰችው ንቦቹ ቀፎውን ጥለው ይኮበልላሉ ይባላል። ስለዚህ ወንዶቹ ወደ መንደር ከመመለሳቸው በፊት ወንዙ ዳር ተቀምጠው አፋቸውን ይታጠባሉ፣ ቢጫው ጥርስ ላይ እንዳይታይም በከሰል ይፍቃሉ። ሳካቴንጎ በተራ ያይዋቸዋል። “አፍህን ክፈት” ይላሉ፤ ንዱምባ ይከፍታል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ እንደ ሕፃን አፉን ይከፍታል።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ንዱምባ አምስት ባልዲ ማር በብስክሌት ጭኖ ገባ። ሚስቱ ሉኮንዴ የሰባት ወር ልጃቸውን በጀርባዋ አዝላ ካሳቫ ትወቅጣለች። ሙቀጫውን ሳትተው ቀና ብላ አየችውና እንኳን ደህና መጣህ አለችው። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። አንገቷ ላይ ያሉት አጥንቶች ከመሄዱ በፊት እንደዚህ ወጥተው እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረ፤ አልታወሰውም።

ትልቋ ልጃቸው ካዌሻ ሦስት ዓመት ተኩል ሆኗታል። ሌላ ጊዜ የብስክሌቱን ደወል ስትሰማ እየሮጠች መጥታ ባልዲውን የምትልስ ልጅ ነበረች። ያን ቀን ግን ከቤቱ ግድግዳ ሥር እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ቀረች። ንዱምባ የማር እንጀራ ቆርሶ ሰጣት። ያዘችው፣ አልበላችውም። እጇ ላይ ቀለጠ፤ ዝንብ አረፈበት፤ እሷ ዝንቡን እንኳ አላባረረችም።

“ምን ሆና ነው?” አለ።

“ምን ሆና ትሆናለች” አለች ሉኮንዴ። “ደክሟት ነው። እኔም ደክሞኛል።”

ጎረቤቶች ልጅቷ አምሮባታል ይሉ ነበር። እግሯ ወፍሯል፣ ፊቷ ክብ ሆኗል። ሊኩምቢ ሳይቀር አንድ ቀን ሲያልፍ አይቷት፣ “የካዌሻ አባት፣ ይህችን ልጅ ምን እያበላሃት ነው? እኔንም አብላኝ እንጂ” ብሎ ቀልዶ ነበር። ንዱምባ ሳቀ። ቆይቶ ግን ጸጉሯ እየሳሳና ወደ ቀይ እያደላ መሆኑን አየ። ክንዷን ሲይዘው እንደ እንጨት ቀጥኗል፤ እግሯ ደግሞ አብጧል። አንድ ጠዋት ሉኮንዴ ልጅቷን ስታጥብ ጠራችውና አውራ ጣቷን በልጅቷ እግር ላይ ተጫነችው። ስታነሣው ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። ሁለቱም ጉድጓዱ እስኪሞላ ጠበቁ፤ ቶሎ አልሞላም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ። ካዌሻ ከብስክሌቱ ኋላ ተቀምጣ ከወንበሩ ጋር በጨርቅ ታስራለች፤ ሉኮንዴ ሕፃኑን አዝላ በእግር ትከተላለች። አሸዋው ብስክሌቱን ስለማያስኬድ አብዛኛውን መንገድ እየገፋው ነበር። አልፎ አልፎ ዘወር እያለ ሚስቱን ይጠብቃል። እሷ ስትደርስ ትንሽ ትቆምና ትቀጥላለች። እንዲህ እየሆኑ ከቀትር በኋላ ደረሱ።

ሲስተር ሙሶንዳ ለዚያ ሁሉ መንደር ያለች አንዲት ነርስ ነበረች። ከጠዋት ጀምራ ቆማ ስለዋለች ጫማዋን አውልቃ ከጠረጴዛው ሥር አድርጋዋለች። የካዌሻን እግር ተጫነች፣ የክንዷን ውፍረት በመለኪያ ለካች፣ ዐይኗን አየች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና መዝገብ ሳትከፍት መጠየቅ ጀመረች።

“ትናንት ልጅቷ ምን በላች?”

“ንሺማ” አለች ሉኮንዴ። “የካሳቫ ገንፎ።”

“በምን?”

“በካሳቫ ቅጠል።”

“ከትናንት ወዲያስ?”

“ያው ነው።”

“አንቺስ?”

“ከእሷ ጋር ነው የምበላው። ያው ነው።”

ሲስተር ሙሶንዳ ወደ ንዱምባ ዞረች። “እርስዎስ፣ የካዌሻ አባት?”

“እኔም ከነሱ ጋር ነው የምበላው” አለ። እውነቱን ነበር፤ ትናንት የበላው ከነሱ ጋር ነው።

“ጫካ ሲገቡስ?”

ይህን ይጠይቁኛል ብሎ አላሰበም ነበር። ዐይኑን ወደ መስኮቱ አደረገ። “እዚያም ንሺማ ነው” አለ።

ሉኮንዴ ቀና አላለችም። ሕፃኑን ከጀርባዋ እያወረደች፣ ሰው ስለ አየሩ እንደሚያወራ አድርጋ ተናገረች።

“ሸሚዙን የማጥበው እኔ ነኝ” አለች። “የኪሱ ስፌት ውስጥ ቢጫ ፍርፋሪ ይገኛል። በየዓመቱ። ጥርሱን በከሰል ይፍቃል፤ ኪሱን ግን አይፈትሽም።”

ውጭ ሰው ያስላል። ንዱምባ እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል አስገባ። ሚስቱ ብትጮህበት፣ ብትሰድበው ይቀለው ነበር። እሷ ግን ያን ያህል ጉልበት አልነበራትም።

ሲስተር ሙሶንዳም አልገሠጸችውም። በዚያ ጤና ጣቢያ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፤ ከጫካ የሚመለሱ ወንዶችን ጉንጭና የሚስቶቻቸውን ጉንጭ አይታለች። የልጅቷ በሽታ የምግብ እጦት መሆኑን ነገረቻቸው። ሆዷ አልተራበም፣ ካሳቫው ሞልቶታል፤ የተራበው ሥጋዋ ነው አለች። ካሳቫ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ሥጋ አይሠራም። እብጠቱ ውፍረት አይደለም፣ ውሃ ነው። አልጋ አስያዘቻት።

ካዌሻ አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኛች። የሚሰጧት ልዩ ወተት ነበር፤ በትንሽ በትንሹ፣ በሰዓቱ። ንዱምባ በየሦስት ቀኑ ወደ መንደር እየተመለሰ ለሉኮንዴ የሚበላ ያመጣል። መንገዱ እየረዘመ የሚሄድ ይመስለው ነበር። አምስተኛው ቀን ላይ የልጅቷ እግር ቆዳ እንደ አሮጌ ቀለም መላጥ ሲጀምር፣ ሉኮንዴን አልጋው ጠርዝ ላይ ራሷን አስደግፋ አገኛት። የተኛች መስሎት ዝም አለ። እሷ ግን ዐይኗን ሳትገልጥ፣ “ብትሞት ወደዚያ ቤት አልመለስም” አለችው።

ያን ቀን ሲስተር ሙሶንዳን በር ላይ ጠብቆ አነጋገራት። ስለ ቢጫው እንጀራ ጠየቃት። ላምጣላት ወይ አላት።

“አሁን አይደለም” አለችው። “አሁን የሚያድናት እዚህ የምንሰጣት ነው። ያ መድኃኒት አይደለም፣ መድኃኒት እንዳይመስልዎት። ጥሩ ምግብ ግን ነው። ንቦቹ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በምን ይመስልዎታል? በእሱ ነው። እርስዎ ጫካ ውስጥ የማይከሱት ለምን ይመስልዎታል?”

ከዚያ በኋላ የሚደረገውን በዝርዝር ነገረችው። ልጅቷ ከዳነች በኋላ በየቀኑ ቦሎቄ ወይም የተወቀጠ ኦቾሎኒ፣ ደረቅ ዓሣ፣ እንቁላል ከተገኘም እንቁላል መብላት አለባት። ቢጫው እነዚህን አይተካም፤ በላያቸው የሚጨመር ነው። መጀመሪያ የምስር ፍሬ የምታህል ብቻ፣ በገንፎ ተደባልቃ። ከንፈሯ ካበጠ ወይም ሰውነቷን ካሳከካት ማቆምና ወዲያው ማምጣት ነው፤ አንዳንድ ሰው አይስማማውም። ምንም ካልሆነች በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይጨመርላታል። ሕፃኑ ግን ዓመት ሳይሞላው ቢጫውንም ማሩንም እንዳይቀምስ። “ለእናቲቱም ይስጧት” አለች። “እሷም ቆማ የምትሄድ በሽተኛ ናት።”

ካዌሻ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ወጣች። እብጠቱ ሄዶ ቆዳና አጥንት ቀርታ ነበር፤ ነገር ግን አባቷ የብስክሌቱን ደወል ሲመታላት እጇን ዘርግታ ራሷ መታችው።

ንዱምባ ከአጎቱ ጋር ለመነጋገር ብዙ ቀን ፈጀበት። በመጨረሻ ቤታቸው ሄዶ፣ ሽማግሌው የቀፎ ክዳን ከሣር ሲሰፉ አገኛቸው። ያለውን ሁሉ ነገራቸው። በዓመቱ ሁለተኛ ቆረጣ፣ በኅዳር፣ ቢጫውን ወደ ቤት እንደሚወስድም ነገራቸው። ሳካቴንጎ መርፌያቸውን አላቆሙም።

“ልጅህ ዳነች?” አሉ።

“እየዳነች ነው፣ አጎቴ።”

“እንግዲያው ምን ቀረህ? ያዳናት የሐኪም ወተት ነው። ወተቱን ስጣት። የንቦቹን ነገር ለንቦቹ ተው።” ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። “አጎቴ ያሳየኝን ነው እኔ ያሳየሁህ። ሕጉን ካፈረስክ ንቦቹ ይሄዳሉ። የሚሄዱት ያንተ ብቻ አይደሉም፣ የመንደሩ ናቸው። ሰው ሁሉ ባዶ ባልዲ ይዞ ሲመለስ ወደ ማን በር የሚመጣ ይመስልሃል?”

ንዱምባ ሽማግሌውን ይወዳቸዋል፤ ይፈራቸዋልም። ደግሞ ከልቡ ጥግ ንቦቹ ይሄዱ ይሆን የሚል ነገር ነበረበት። ሠላሳ ዓመት የሰማውን ሰው በአንድ ቀን አይጥለውም።

መስከረምና ጥቅምት አለፉ። ሉኮንዴ በቤቱ ጓሮ ቦሎቄ ዘራች፤ ንዱምባ ከወንዝ ዓሣ አምጥቶ አደረቀ። ካዌሻ ትንሽ ትሻላለች፣ ደግሞ ትመለሳለች። አንድ ሳምንት ትጫወታለች፣ ሌላው ሳምንት ግድግዳውን ተደግፋ ትውላለች። ለምርመራ ሲወስዳት ሲስተር ሙሶንዳ መለኪያውን ክንዷ ላይ ጠምጥማ ራሷን ነቀነቀች። ምግቡ አልበቃትም፣ ጨምሩላት አለች። ንዱምባ ከምን ላይ እንደሚጨምር እያሰበ ተመለሰ። የሚጨመረው ጫካ ውስጥ እንዳለ ግን ያውቅ ነበር።

በዚያ አገር ዝናብ የሚጀምረው በኅዳር ነው፤ የመጀመሪያው ሲጥል ሦስቱ ወንዶች እንደገና ጫካ ገቡ። ቆረጣው ከሌላው ጊዜ ቀዝቀዝ ያለ ነበር። ሽማግሌው አይናገሩም። ንዱምባ ዛፍ ወጥቶ ማሩን በባልዲ፣ ቢጫውን ለብቻ በቅጠል ጠቅልሎ ያወርዳል። ዛፉ ሥር ሲቀመጡ ሊኩምቢና ሽማግሌው ይበላሉ፤ እሱ ከድርሻው ጥቂት ቆርሶ የቀረውን መልሶ ይጠቀልላል። ሊኩምቢ ለሁለት ቀን ያህል አስተዋለው። በሦስተኛው ቀን አላስቻለውም።

“ንዱምባ፣ አረገዝክ እንዴ?” አለ። “ወይስ ለክረምት የምታጠራቅም አይጥ ሆንክ?”

“ለልጄ ነው።”

“ለልጄ ነው ይላል። ነገ ደግሞ ሙቀጫ ይዘህ ትመጣለህ። ቀሚስ እንግዛልህ፣ አጎትህ ይሰፉልሃል።”

ሊኩምቢ ብቻውን ሳቀ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ዛፉ አዙረው ተቀምጠው ነበር። ንዱምባ የሚለው ብዙ ነበር፤ ድካሙ ግን አንዱን ብቻ አስወጣው።

“አንተ ያን ቀን እግሯ ወፈረ ብለህ ስቀህ ነበር” አለ። “እኔም አብሬህ ስቄያለሁ።”

ሊኩምቢ ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልቀለደም። ቢጫውን መብላት ግን አልተወም።

በመጨረሻው ቀን ወንዙ ዳር ደረሱ። ሊኩምቢ ከሰሉን አደቀቀ። ሳካቴንጎ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንደ ልማዳቸው ጠበቁ። ንዱምባ እጁንና ፊቱን ታጠበ፣ ከሰሉን ግን አልነካም። ጥቅሉን ከብስክሌቱ ፊት፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት አሰረው። ሽማግሌው አዩት። አፍህን ክፈት አላሉትም። ተነሥተው ቀድመውት ሄዱ፤ እስከ መንደሩ ድረስ ጀርባቸውን እያየ ነበር የተከተላቸው።

ሉኮንዴ ጥቅሉ ሲፈታ ለረጅም ጊዜ አየችው። አልነካችውም።

“አጎትህ ያውቃሉ?” አለችው።

“ያውቃሉ።”

“ሊኩምቢስ?”

“እሱ ካወቀ መንደሩ ሁሉ አውቋል።”

በምድጃው ላይ የካዌሻ ገንፎ ነበር፤ ኦቾሎኒ ገብቶበታል። ሉኮንዴ ከቢጫው እንጀራ በጥፍሯ የምስር ፍሬ የምታህል ቆንጥራ አደባለቀችበት። ካዌሻ በላች። ሁለቱ ወላጆች ከፊቷ ተቀምጠው ከንፈሯን ሲያዩ ዋሉ። ምንም አልሆነችም። በማግስቱም ምንም አልሆነችም፤ በሦስተኛው ቀን እናቲቱም ከራሷ ምግብ ላይ ጨመረች።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሳካቴንጎ መጡ። ሰላም ብለው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ካዌሻ ሳህኗን በጉልበቷ መካከል አድርጋ እየበላች ነበር። ሽማግሌው በሳህኑ ላይ ያለውን ቢጫ አዩ። ሲናገሩ ቁጣ አልነበራቸውም፤ ረጅም መንገድ የሄደ ሰው ድምፅ ነበር።

“ንቦቹ ሲሄዱ ታያላችሁ” አሉ። “ያኔ ይቅርታ ብትሉኝ እኔ ምን አደርጋለሁ?”

ንዱምባ ሊመልስ ሲል ሉኮንዴ ቀደመችው። በአማቶቿ ፊት እምብዛም የማትናገር ሴት ነበረች።

“አይሄዱም፣ አባቴ” አለች። “እኔ ቀምሼዋለሁ።”

ሁለቱም ዞረው አዩዋት።

“ካዌሻን አርግዤ ሳለ ነው። ሸሚዙን ሳጥብ ከስፌቱ ውስጥ አገኘሁት። አምሮኝ ነበር። በጣቴ አውጥቼ ላስኩት። ፈርቼ ነበር። እስከሚቀጥለው ቆረጣ ድረስ እንቅልፍ አልነበረኝም። ያ ዓመት ግን፣ ያስታውሱ እንደሆነ፣ ባልዲው ሁሉ ሞልቶ የተረፈውን ማር በድስት የተሸከማችሁበት ዓመት ነው።”

ሳካቴንጎ አስታወሱ። ድስቱን የተሸከሙት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ ካዌሻን በእጃቸው ጠሯት። ልጅቷ ሳህኗን ሳትለቅ መጣች። እግሯን ወደ ጭናቸው አነሡና አውራ ጣታቸውን ተጫኑት፤ ከዚያ አነሡ። እግሩ ተመልሶ ሞላ። እንደገና በሌላ ቦታ ተጫኑት። እሱም ሞላ።

“የኩቴምባ አይሞላም ነበር” አሉ።

ኩቴምባ ማን እንደሆነች ንዱምባ አያውቅም ነበር። ሽማግሌው ነገሩት፤ ለእሱ ሳይሆን ለልጅቷ እግር የሚነግሩ ይመስሉ ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸው ናት። አራት ዓመቷ ነበር። ከጫካ ሲመለሱ እንደ ካዌሻ አብጣ ጠበቀቻቸው። ያኔ ጤና ጣቢያ አልነበረም፤ ሰው ክፉ ዐይን ነው አለ፣ እሳቸውም አመኑ። እሷ ስትታመም እሳቸው ጫካ ውስጥ ያን ሁሉ ቢጫ እንጀራ እየበሉ ነበር። ሲቀብሯት የጥርሳቸው ከሰል ገና አልለቀቀም ነበር።

“ንቦች ይሄዳሉ” አሉ ቆይተው። “ማንም ሴት ሳትቀምስ ሄደው ያውቃሉ። ዝናብ ሲጠፋ ይሄዳሉ፣ እሳት ሲነሣ ይሄዳሉ። ይህን እያየሁ ነው አርባ ዓመት አፋችሁን ክፈቱ ስል የኖርኩት። ለምን እንደሆነ አጎቴን አልጠየቅሁትም። ምናልባት ዛፍ ለሚወጣው ይትረፍ ብለው ይሆናል። ምናልባት ስስት ነው። አላውቅም።”

የካዌሻን እግር ቀስ ብለው አወረዱት። ወደ ሉኮንዴ ዞሩ።

“እስቲ ለእኔም ትንሽ ጨምሪልኝ” አሉ። “ከቤት ውስጥ በልቼው አላውቅም።”

ሉኮንዴ ሳህን አመጣች። ሽማግሌው ከልጅቷ ጎን ተቀምጠው፣ አፋቸውን ሳይሸፍኑ በሉ።

ከዚያ ወዲህ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ለማለት አይቻልም። ሊኩምቢ አሁንም ድርሻውን ዛፉ ሥር ጨርሶ ነው የሚመለሰው፤ ሚስቱ ግን ሸሚዙን ስታጥብ ኪሱን እየገለበጠች ታሳየዋለች ይባላል። ካዌሻ አድጋለች፤ ለዕድሜዋ አጠር ያለች ናት። ሉኮንዴም ድካሟ ጨርሶ አልለቀቃትም። ሳካቴንጎ በሰኔው ቆረጣ ከታች ቆመው ቢጫውን ሲያካፍሉ መጀመሪያ የሚቆርጡት ወደ ቤት የሚሄደውን ነው።

ይህ ታሪክ ስለ ንብ ብቻ የተጻፈ አይደለም። የአበባ ዱቄቱ ጥሩ ምግብ ነው፤ በልኩ፣ በሌላ ምግብ ላይ ሲጨመር። ነገር ግን በየአገሩ፣ በየከተማው፣ ከቤት ውጭ ጥሩ በልቶ ቤተሰቡ ዘንድ ደክሞኛል እያለ የሚገባ ሰው አለ። ከመግባታችን በፊት አፋችንን ስንጠርግ፣ ከማን እየደበቅን እንደሆነ እንጠይቅ። ሸሚዛችንን የሚያጥብልን ሰው መልሱን ያውቀዋል።